ጋሽ ደምሴ አቤት ያሉበት ቀትር

አይደለም አልኳችሁ። ጋሽ ደምሴን የገደላቸው ብርድ አይደለም። ልባቸው ነው የምትሉትም ተዉት፤ የእሳቸውን ልብ እኔ አውቀዋለሁ። ደረጃ ስንወጣ የማለከልከው እኔ የሃያ ስድስት ዓመቱ ጎረምሳ ነኝ፣ እሳቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ግሌንዴል፣ ለቅሶው ቤት ኮሪደር ላይ ቆማችሁ "ናቲ ደግሞ ጀመረው" ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። እሺ፣ ወሬ እወዳለሁ፣ አልክድም። ከትምህርትም ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን እስካሁን አስታራቂ አላገኘንም። ግን እዚያ ቦታ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። እናንተ ያን ሰዓት ኤርፖርት ተሰልፋችሁ ተሳፋሪ እየጠበቃችሁ ነበር። ስለዚህ አስጨርሱኝ፣ ከዚያ ትፈርዳላችሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ለማያውቅ። እዚህ ኮሎራዶ ከተማው ሕግ አወጣ አይደል፤ ሜዳ ላይ፣ ድልድይ ሥር፣ መንገድ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ክልክል ነው፣ ፖሊስ ያነሳሃል፣ እምቢ ካልክ ትኬት ይሰጥሃል። ቤት የሌለው ሰው ታዲያ የት ይደር ሲባል፣ በዚያው ሕግ "የተፈቀደ ቦታ" ተባለና አጥር ታጠረ። አንዱ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ሎት ላይ ነው። አርባ ድንኳን፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም እኩል፣ በመስመር የተደረደረ፣ ቁጥር የተጻፈበት። ሰመር ላይ ስታየው ሠርግ ይመስላል። ዊንተር ላይ በረዶ ሲወርድበት ግን፣ እንጃ፣ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ብልክላት "የማን መቃብር ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቀን ቀን ሴኩሪቲው እኔና ጋሽ ደምሴ ነበርን። ቦታውን የምታስተዳድረው ማርሻ የምትባል ፈረንጅ ናት፣ የእኛ አለቃ። ዋናው ሥራችን ስም መጥራት ነው። ቀትር ላይ የምሳ መኪናው ሲመጣ በየድንኳኑ እየዞርክ ስም ትጠራለህ። ድንኳኑ በደንቡ እንደ ቤት ስለሚቆጠር ዚፑን መክፈት አይፈቀድልህም። ከውስጥ መልስ ከመጣ ታብሌቱ ላይ አረንጓዴውን ትጫናለህ፣ ካልመጣ ቀዩን። ሦስት ቀን ተከታትሎ ቀይ የሆነ ሰው ቦታውን ለቋል ተብሎ ይሰረዛል፣ ድንኳኑ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል። ተሰረዝክ ማለት ከአጥሩ ውጭ ነህ፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ መተኛት ጥፋት ነው። የሰው ኑሮ በአንድ ጣት ላይ ነበር ማለት ነው፣ በእኔ ጣት።

እኔ አርባውን በስምንት ደቂቃ እጨርሳለሁ። ሪከርዱ የእኔ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ የሚሰብረው ካለ ይምጣ። ጋሽ ደምሴ አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። እያንዳንዱ ድንኳን ጋ ሲደርሱ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ሳያስቡት ወደ ውስጥ እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ። ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ። ከዚያ "ቤቶች" ይላሉ፣ አገር ቤት የጎረቤት በር ላይ እንደሚባለው። አሜሪካኖቹ ሳይቀሩ ለምደውታል። ሦስት ቁጥር ውስጥ ያለው ሬይ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ የድሮ ወታደር ነው፣ ገና ኮቴያቸውን ሲሰማ "ቤቶች፣ ቤቶች" እያለ ይቀድማቸዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጨርቅ ነው" እላቸዋለሁ።

"በር ነው።"

"ዚፕ ነው።"

"አንተ ቱልቱላ፣ ባለቤቱ ዘግቶታል። ባለቤቱ የዘጋው ነገር በር ነው።"

እሳቸው ጋ ስሜ ቱልቱላ ነው። ናቲ ብለውኝ አያውቁም።

ወጣት ሆነው ሱዳን፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ድንኳን ኖረዋል። እዚያም ስም ይጠራ ነበር። አንድ ቀን ጌቱ ላይ ቆመን ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

"ስም ሲጠራ ያልመለሰ ራሽኑ ይሰረዛል። አጠገቤ የሚተኛ ልጅ ነበር። ወባ ያዘውና ድምፁ አልወጣ አለው። ተሰረዘ።"

"ከዚያስ?"

"ተሰረዘ አልኩህ እኮ።"

እኔም የሆነ ቀልድ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ይሄ ደግሞ በሕይወቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደርስብኝ ነው።

ግቢው ውስጥ አንድ ሐበሻ ነበር። አያልነህ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር። ቢበልጠኝ አሥር ዓመት ነው። መጋዘን ሲሠራ ጀርባው ተጎዳ፣ ሥራው ሄደ፣ የተከራያት ክፍልም ሄደች። ሐበሻ እንዳያየው ሲል ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ ትቷል። "ይሄን ልጅ እዚህ አየሁት ብለህ አንድ ቦታ ብትተነፍስ ጥርስህን ለቅመህ ትሄዳለህ" ብለውኝ ነበር ጋሽ ደምሴ። ወሬ ደብቄ አላውቅም፣ ሆዴን ነፋኝ፣ ግን ደበቅኩ።

አያልነህ ቀትር ላይ ከድንኳኑ አይወጣም። ስሙንም አንዴ ብትጠራው አይመልስልህም። ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እናቶቻችን ነግረውናል፤ ብቻህን ሆነህ ስምህ ሲጠራ በአንዴው አቤት አይባልም። ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ያኛው ግን የሚጠራው አንዴ ነው፣ አቤት ካልክ ይዞህ ይሄዳል። ቀትር ላይ ደግሞ ይብሳል። እኛ እየሳቅንበት አደግን። አያልነህ አልሳቀበትም። "ታናሽ እህቴ አቤት ብላ ነው የሄደችው፣ አጠገቧ ቆሜ" ይላል። ይሄን ሲልህ ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ የአውቶቡስ ሰዓት የሚነግርህ ነው የሚመስለው።

ጋሽ ደምሴ አሥራ ሰባት ጋ ሲደርሱ እንዲህ ነው።

"አያልነህ።" ዝም። አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል ይጠብቃሉ።

"አያልነህ።" ዝም። ደግሞ ይጠብቃሉ።

"አያልነህ።"

"አቤት ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?"

አረንጓዴ።

"እርስዎም ያምናሉ እንዴ?" አልኳቸው አንዴ።

"የእኔ ማመን ምን ይሠራል? በሩ የእሱ ነው።"

ታዲያ ዊንተሩ መሀል ላይ የዓይናቸውን ሞራ ሊያስወጡ ሦስት ቀን ቀሩ። ከመሄዳቸው በፊት ክንዴን ያዙኝ።

"አሥራ ሰባትን ሦስት ጊዜ። እያረፍክ።"

"እሺ ጋሼ።"

"ድገመው።"

"ሦስት ጊዜ፣ እያረፍኩ። ምነው ጋሼ፣ አያምኑኝም?"

"አንተንስ አምንሃለሁ። ጥድፊያህን ነው የማላምነው።"

ማክሰኞ አንዴ ጠራሁት። መልስ የለም። ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ነበር፣ ሪከርዴን ልሰብር ነበር፣ ብርዱ ጣቴን ይቆርጠኝ ነበር፤ ሰበብ ከፈለጋችሁ ሞልቶኛል። ቀይ። ረቡዕ አንዴ ጠራሁት። ቀይ።

ሐሙስ ቀትር ፀሐይዋ ከድንኳኑ ጀርባ ነበረች። ጥላው ጨርቁ ላይ ወድቆ ይታየኛል። ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ስሙን ስጠራ ጭንቅላቱ ወደ እኔ ዞረ። ዞሮ እንዲሁ ቀረ፣ አልተነቃነቀም፣ ሁለተኛውን እየጠበቀ ነዋ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ መሰላችሁ? "ደንቡ መልስ ነው የሚለው፣ ጥላ አይልም" ብዬ ለራሴ ሳቅኩ። ቀዩን ተጫንኩ።

ከሰዓት በኋላ አያልነህ ለሐኪም ቀጠሮ ወጣ። እሱ በወጣበት ድንኳኑ ለተረኛው እስኪጸዳ ተነሳ፣ ዕቃው በላስቲክ ታሰረ፣ የጌቱ ካርዱ ተዘጋ። ሲመለስ የማታው ተረኛ "ስምህ የለም" አለው። እንግሊዝኛው ደግሞ እንደ እኔ ነው፣ ለመከራከር አይበቃም። ሄደ።

ዓርብ ጋሽ ደምሴ ግራ ዓይናቸው ላይ ላስቲክ መከለያ ለጥፈው መጡ። ቀጥታ አሥራ ሰባት ጋ ሄደው ቆሙ። ባዶ አስፋልት ነው።

"ስንት ጊዜ ጠራኸው?"

"ጋሼ፣ ደንቡ እኮ..."

"ስንት ጊዜ?"

"አንዴ።"

"ውስጥ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። በውሸት የሚችለኝ የለም። ግን በዚያች አንድ ዓይናቸው ሲያዩኝ አልመጣልኝም። "ጥላውን አይቻለሁ" አልኩ።

አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ፣ ምንም የሌለበት አስፋልት ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ቤቶች" አሉ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ጠሩት፣ እያረፉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲወጡ በመኪና ኮልፋክስ ጎዳናን ከዳር እስከ ዳር፣ ፒዮሪያን ከላይ እስከ ታች ይዞራሉ። መስኮት አውርደው ይጣራሉ። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ፖሊስ አያልነህን "እዚህ መተኛት አይቻልም፣ ወደተፈቀደው ቦታ ሂድ" ሲለው ያየ ሰው አገኙ። እሱም "ከተፈቀደው ቦታ ሰርዘውኛል" ሳይል አልቀረም፣ ማን ይስማው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ቀትር ቀትር ባዶው ቦታ ላይ መጣራታቸውን አልተዉም። ሰው ሁሉ ምሳውን ይዞ ወደየድንኳኑ እየገባ ዚፕ ይዘጋ ጀመር። ማርሻ ጠርታኝ "ይተዉ በልልኝ፣ ሰዎቹ እየፈሩ ነው" አለችኝ። ነገርኳቸው። "ይፍሩ" አሉ።

ቅዳሜ ሌሊት በረዶ ወረደ። እሑድ ስንገባ ግቢው በሙሉ ቁርጭምጭሚት ድረስ ተሸፍኗል። አሥራ ሰባት ላይ ግን የድንኳኑ ልክ የሚያህል፣ አራት ማዕዘን፣ ደረቅ። ሬይ መጥቶ አየና "ከሥር የሞቀ ቱቦ ይኖራል" አለ። ይኖር ይሆናል። ማርሻ በኋላ የግቢውን የቱቦ ካርታ አስወጥታ አይታለች። የለም።

አሁን ወደምትስቁበት ደረስን። ሰኞ፣ ቀትር።

ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ በረዶው ዓይን አያስገልጥም። እዚያ ግቢ ሁሌ ድምፅ አለ፤ የመኪና፣ የጨርቅ መርገብገብ፣ የአንዱ ሳል። ጋሽ ደምሴ ሦስተኛውን "አያልነህ" ብለው ኮፍያቸውን ሊያጠልቁ ሲሉ ያ ሁሉ ቆመ። ጨርቆቹ ተንጠልጥለው ቀሩ። ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ጣቴን ከትቼ አወጣሁ።

ከዚያ ደረቁ ቦታ ላይ፣ "ወልደ ሰንበት" አለ።

አንዴ።

የወንድ ድምፅ ነው። የሽማግሌ አይደለም፣ የልጅም አይደለም። ሰው ቅርብህ ሆኖ ሲናገር ትንፋሹ ይሰማሃል፤ ይሄ ትንፋሽ የለውም። የሚናገር አፍም አልታየኝም። እኔ ወልደ ሰንበት የሚባል ሰው አላውቅም። አዲስ የገባ ሰው የሚፈልግ እንግዳ ጌቱ ላይ ያለ መስሎኝ ዞርኩ፤ ጌቱ ላይ ማንም የለም። ሬይ ከድንኳኑ አንገቱን አውጥቶ "ማንን ነው የሚጠራው?" አለኝ። እሱም ሰምቷል።

ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። ፊታቸው ሰው ቀጠሮውን ሲያስታውስ እንደሚሆነው ሆኗል። ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ፣ "ጋሼ፣ አይመልሱ፣ ይድገመው" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እኔ የምስቀው።

ኮፍያቸውን እንደያዙ "አቤት" አሉ።

አሉና በደረቁ ቦታ አቋርጠው ወደ ኋላው አጥር ሄዱ። የአደጋ ጊዜ መውጫዋን ከፍተው ወደ ጎርፍ መውረጃው ወረዱ። እሳቸው፣ በዚያ ዓይን፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላንሸራተታቸውም። እኔ ሁለቴ ወደቅኩ። ከመንገዱ ሥር የሲሚንቶ ቱቦ አለ። አያልነህ ውስጡ ነበር። ተባሮ ተባሮ ሲደክመው ለግቢው ቅርብ ልሁን ብሎ ነው እዚያ የገባው፣ ከአጥሩ ሃምሳ እርምጃ። ዓይኑ ክፍት ነው። መንጋጋው ተቆልፏል፣ ከንፈሩ ላይ በረዶ። እግሩ እግር አይመስልም።

ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱት፣ ከዚያ በላዩ ላይ ተኙበት። እኔ አምቡላንስ ጠራሁ። ስጠብቅ "አንተ ነህ የጠራኸን?" አልኩት። በዓይኑ ብቻ አየኝ። የመጣው የአምቡላንስ ሰውዬ አፉን ሊከፍትለት ሞክሮ አቃተውና "ይሄ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቃል ሊያወጣ አይችልም ነበር" አለ።

ወስደውት ሲሄዱ ጋሽ ደምሴ የጥበቃዋ ክፍል ውስጥ ሂተሩ አጠገብ ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ።

"ጋሼ፣ የጠራው አንዴ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"ሁለተኛውን ለምን አልጠበቁም?"

"ሁለተኛ እንደሌለው አውቄ ነዋ።" እጃቸውን ሂተሩ ላይ አገላበጡ። "ሰው በረዶ ላይ ወድቆ እኔ ቁጭ ብዬ ልቁጠር? የጠራኝ ማንም ይሁን፤ የጠራኝ ወደ ሰው ነው።"

"ወልደ ሰንበት ማነው?"

"ሂድ፣ የምሳ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል።"

በዚያው ቀን ማርሻ ቢሮ ገቡ። ምን እንዳሏት አላውቅም፣ ሲወጡ ግን ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ በየመሀሉ ይታረፋል። አሥራ ሰባት ቁጥርም ለአያልነህ እንዲቆይ ተፈርሟል። ከእግሩ ሁለት ጣት ቆረጡለት እንጂ ተረፈ።

ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ ሥራ አልገቡም። ደወልኩ፣ አይነሳም። ግሪን ቫሊ ራንች ያለችው ልጃቸው ሄዳ አገኘቻቸው፤ ግሌንዴል፣ አፓርታማቸው ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናቸው ላይ። ቤልት አስረዋል። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው። በዚያ ብርድ የሾፌሩ መስኮት እስከ ታች ወርዷል፣ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ዞሯል። ሐኪሙ ልብ አለ፣ እናንተም ልብ አላችሁ። ልቡ የታመመ ሰው ደረቱን ነው የሚይዘው፤ መስኮት ከፍቶ ይዞራል እንዴ?

ቀብሩ ላይ እናንተም ነበራችሁ። ፍትሐቱ ሲደርስ ቄሱ በግዕዝ ሲያነቡ "ወልደ ሰንበት" ሲሉ ሰማሁ። ግዕዝ አላውቅም፣ ስም ግን ስም ነው። ዞር አልኩ። አጠገቤ የቆመችው ልጃቸው ናት፣ እዚህ የተወለደችው።

"ማነው ወልደ ሰንበት?" አልኳት።

"የአባባ የክርስትና ስም ነው መሰለኝ፣ አይ ጌስ" አለችኝ። "እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።"

አሁን ሳቁ። ስትጨርሱ ደግሞ ተነሱና ሂዱ፣ ፒዮሪያ ሩቅ አይደለም። ሬይ ሦስት ቁጥር ውስጥ ነው፤ ያን ቀትር ምን እንደሰማ ጠይቁት፣ አማርኛ አያውቅም፣ ግን ስሙን አጣሞ ይጠራላችኋል። ማርሻን ጠይቁ፣ ካርታውን ታሳያችሁ። ቄሱን ጠይቁ፣ ያን ስም ለኔ ነግረውኝ ያውቁ እንደሆነ። አያልነህን ጠይቁት፣ ድምፁ አሁን ተመልሷል። "ጠርተህ ነበር?" በሉት፤ አልጠራሁም ይላችኋል። እግረ መንገዳችሁን ከድንኳኑ ማን እንዳስወጣው ጠይቁት። የሰው ስም ይነግራችኋል። ያን ስም ሰምታችሁ ስትመለሱ፣ ናቲ ለራሱ ሲል የፈጠረው ወሬ ነው የምትል አንደበት ካለቻችሁ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ።